ሻጋታ የጻፈው ዋንዛ

ቅዳሜ፣ ሰኔ 5 ቀን 1957 ዓ.ም. ነቀምቴ

ልጄ የሺአረግ ተማሪ ሳለች ሳትጨርሰው የቀረ ደብተር ከሣጥን ሥር አገኘሁ። ከፊት የሒሳብ መልመጃ አለበት፤ እኔ ከኋላ ጀመርኩ። ሃምሳ ሁለት ዓመት የሞላው ሰው ማስታወሻ ሲጽፍ ቢያዩት ይስቃሉ፤ ይሳቁ። ቤታችን ውስጥ ኦሮምኛ እያወራን እኔ በአማርኛ የምጽፈው ፊደል የቆጠርኩት በሱ ስለሆነ ነው።

ዛሬ ባለሱቁ ገብረኪዳን መጣ። ገብረኪዳን በቅዳሜ ገበያ ሱቁን ለሚስቱ ጥሎ ከመጣ ነገር አለ ማለት ነው። ባለፈው ዓመት ወንዝ ዳር ወድቆ ከሻገተ የዋንዛ ግንድ ለቤታችን አንድ ቆሪ፣ የገንፎ ሳህን፣ ሠርቼ ነበር። እሱን ለምኖኝ አዲስ አበባ ወስዶ ለሰዎች አሳይቷል። እንጨት ሲሻግት ውስጡ ጥቁር መስመር ያወጣል፤ በቀጭን ብዕር የተሠመረ ይመስላል። እኔ ከማገዶ አተርፌ የሠራሁትን እነሱ እያገላበጡ "ይሄን ማን ነው የሳለው?" አሉ አሉ። ከመስቀል በኋላ በሚከፈት የእጅ ሥራ ትርኢት ላይ የሚቆም ሃያ ቆሪ ይፈልጋሉ። ሁሉም ከሻገተ ዋንዛ። ከእያንዳንዱ ሥር ስሜ ይጻፋል።

"ኦቦ ዋጋሪ፣ የጠረጴዛ እግር ዘመን አለፈ" አለኝ። "ፋብሪካው በቀን መቶ ያወጣል። የበሰበሰ እንጨት ግን ፋብሪካ የለውም።"

እውነቱን ነው። ከጥር ወዲህ የአልጋ እግር እንኳ ያዘዘኝ ሰው የለም። እሺ አልኩት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 8

የመጀመሪያው ግንድ ገባ። የግንድ አጓጓዡ የባቻ በሬዎች ከበከኒሳ ቀሴ ሰፈር ማዶ ጎትተው አመጡት። እርጥብ ነው። ላዩ ላይ የበቀለውን እንጉዳይ በቢላ ፋቅሁት። ደክሞኛል።

ሰኞ፣ ሰኔ 14

ሥራው እንዲህ ነው። ግንዱ ገና ከሆነ ነጭ ነው፤ መስመር የለውም። ካለፈበት እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። መሐሉን መያዝ ነው ጥበቡ። በጣት አንጓ ይመታል፤ ጠንከር ብሎ ከጮኸ ይቆይ፣ ድምፁ ከታፈነ አልቆለታል። ወድቆ ያገኘሁት ሁሉ ወይ ገና ነው ወይ አልፎበታል። ስለዚህ ገና የሆኑትን ቆራርጬ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፣ ቤት ውስጥ በግድግዳው ሥር ደረደርኳቸው። ሙቀትና እርጥበት ካገኘ ሻጋታው ሳይዘገይ ይጽፋል።

ድርቤ አይታ ሳቀች። "አባ የሺ፣ ሰው ከብት ያረባል፤ እርስዎ እንጉዳይ ማርባት ጀመሩ" አለችኝ። ሚስቴ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ በኛ ወግ ሴት የባሏን ስም አትጠራም፤ በልጃችን ስም ነው የምትጠራኝ።

የሷ ሳቅና የሷ እልልታ የታወቀ ነው። የሺ ስትዳር ያሰማችው እልልታ ባኬ ጃማ ሰፈር ድረስ ተሰማ እያሉ እስከ ዛሬ ያወራሉ። ሰርግ ያለው ሁሉ "አዴ ድርቤን ጥሩልን" ይላል።

እንጨቱን እያዞረ የሚያስቀርጸኝ ቶርኖዬ ድሮ በእግር የሚረገጥ ነበር። ግንድ ወድቆ ቀኝ እግሬን ከሰበረኝ ወዲህ ትልቅ መዘውር በጠፍር አያያዝኩለት። መዘውሩን ድርቤ በእጇ ታዞራለች፣ እኔ ቆሜ መሮውን እይዛለሁ። ክረምት ስለሆነ በሩን እንዘጋለን።

ረቡዕ፣ ሰኔ 23

ሦስት ቆሪ። ድርቤን ሳል ጀመራት። ብርዱ ነው። ዝናቡ ሦስት ቀን ሙሉ አላባራም።

እሑድ፣ ሐምሌ 4

ከጸሎት ቤት ስንመለስ ጎረቤታችን አሰፋች ድርቤን አጥር ላይ አቆመቻት። እኔ ከውስጥ ሆኜ እሰማለሁ።

"የበሰበሰ እንጨት ቤት አይገባም" ትላታለች። "እናቴ ለማገዶ እንኳ ከደጅ አታሳልፈውም ነበር። ትንፋሽ ይሰርቃል ትል ነበር። ማሎ ድርቤ፣ እባክሽ አስወጪው።"

"ዲሲ፣ ተይው በቃ" አለቻት ድርቤ። ሳቅ ብላ ነበር፤ ሳቋ በሳል አለቀ።

ንዴት ያዘኝ። ወጥቼ "ይሄ የድሮ ሰው እምነት ነው፤ ወንጌል የገባበት ቤት ግንድ አይፈራም" አልኳት። አባቴ ዛፍ ቅቤ ቀብተው ይለምኑ ነበር። እኔ ያን ሁሉ ትቼ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ በስተርጅና እንጨት ትንፋሽ ይሰርቃል ብዬ ልፍራ? አሰፋች "ኤዬ፣ ኦቦ ዋጋሪ" ብላ ገባች። ኤዬ አዎ ማለት ነው፤ እሷ ግን የምትለው ስትስማማ አይደለም፣ ሲሰለቻት ነው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 9

ድርቤን ድሬሰር ተረፈ ዘንድ ወሰድኳት። በኛ ጸሎት ቤት ያደገ ልጅ ነው፤ ያከብረናል። በማዳመጫው ደረቷንና ጀርባዋን ሰማ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "እሳቸው ምን ዓይነት ሥራ ነው የሚሠሩት?" አለኝ።

"የቤት ሥራ ነው" አልኩት።

ውሸት አይደለም። ቶርኖው ያለው ቤት ውስጥ ነው።

"እንግዲያው የወጥ ቤት ጭስ ይሆናል። ጭሱን ቀንሱላቸው" አለ። ድርቤ ቀና ብላ አየችኝ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ ጭስ አወራሁ። ቤት እንደገባን ለወጥ ቤቱ አንድ መስኮት ቀደድኩለት። ላብ በላብ ሆንኩ። ለተረፈ ለምን እንዲያ እንዳልኩት አላውቅም። ነገ ሄጄ እነግረዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 13

አምስት ቆሪ። ተረፈን መንገድ ላይ አገኘሁት። ስለ ዝናቡ አወራን።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 24

ከባቻ ጋር ወደ አንገር ቆላ ወርደን ስምንት ቀን ቆየን። ጭቃው በሬውን እስከ ሆዱ ይውጠዋል። ትንኙ ሌላ። እግሬ አብጧል። ግን አገኘን። መብረቅ የጣለው ትልቅ ዋንዛ፣ ግማሽ ጎኑ መሬት ነክቶ የሻገተ። በጣቴ አንጓ መታሁት፤ ልክ መሐሉ ላይ ነው። በመጥረቢያ ጫፉን ስከፍተው ባቻ እንኳ፣ ከበሬ በቀር ምንም የማያስገርመው ሰው፣ "ዋቃዮ!" ብሎ አምላኩን ጠራ። ጥቁር መስመር በመስመር ላይ፣ መደቡ ቡናማና ነጭ። የመሬቱ ባለቤት "የኔን ብስባሽ ፍለጋ ከነቀምቴ ድረስ መጣችሁ?" ብሎ ሳቀብን፤ በነፃ ሰጠን።

ስመለስ ድርቤን መዝሙር እየዘመረች ጎመን ስትቀነጥስ አገኘኋት። ሳሉ የለም። ማሩና ፌጦው ሠርቶላታል። እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ያህል ፈርቼ እንደነበር የገባኝ አሁን ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 29

የቆላው ግንድ ጉድ ነው። ሰባተኛውን ቆሪ ከሱ አወጣሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። በሰም አሽቼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሥራ ፈትቼ ሳየው ዋልኩ።

አቧራው ግን ከሌላው የደቀቀ ነው፤ ዱቄት ነው። ድርቤ እንደገና ትስላለች። ማሩ አልቋል። ነጠላዋን አፏ ላይ እንድታስር ነገርኳት፣ አሰረች። ማታ ስታጥበው ውሃው ቡናማ ሆነ። እኔንም አልፎ አልፎ ያስለኛል፤ ነገር ግን እኔ የምቆመው አቧራው በማይመጣበት በኩል ነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 5

ድርቤ ትረፍ ብዬ የባቻን ወንድም ፉፋን መዘውር እንዲያዞር ጠራሁት። የጨው ጆንያ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ጎልማሳ ነው። እስከ እኩለ ቀን ሠራ። ከዚያ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ሳለ፣ ሳለ፣ ተፋ። "ኦቦ ዋጋሪ፣ ጭነት ከሆነ እሸከማለሁ፤ ይሄን አቧራ ግን አልበላም" ብሎኝ ሄደ።

ሰነፍ።

ከሰዓት በኋላ ድርቤ መጥታ መዘውሩ ጋ ተቀመጠች። አልጠራኋትም። ተነሺ ግን አላልኳትም፤ መሮዬን እየሞረድኩ አንገቴን ደፋሁ።

እሑድ፣ ነሐሴ 16

የሺአረግ ከሻምቡ መጣች። ባሏ ኩማ አስተማሪ ነው፤ ሐኪም ቅርብ ነው ብሎ እኛ ዘንድ እንድትወልድ አምጥቷት ተመለሰ። ሆዷ ገፍቷል። ገና ቁጭ ሳትል "አባዬ፣ እማዬ ለምን እንዲህ ከሳች?" አለችኝ። "ክረምት ነው" አልኳት። ክረምት ሰው ያከሳል እንዴ? እሷም እንዲያ ብላ ልትጠይቀኝ ነበር መሰለኝ፤ ተወችው።

ጸሎት ቤት ውስጥ ድርቤ መዝሙሩን በከንፈሯ ብቻ ስትከተል አየሁ። ስንወጣ ሴቶቹ ከበዋት ይቀልዳሉ፦ "አዴ ድርቤ፣ ጉሮሮሽን አዘጋጂ! አምስት ነው አራት?" በኛ ሰፈር ልጅ ሲወለድ የወላድ እናት ደጅ ወጥታ እልል ትላለች። ለወንድ አምስት፣ ለሴት አራት። ጎረቤት ቆጥሮ ነው ምን እንደተወለደ የሚያውቀው። ድርቤ "የመጣውን እንቀበላለን" አለቻቸው። ድምፅዋ ጎርናና ነበር።

ማታ ድርቤ ማንንም ሳትጠይቅ በጆንያ የተጠቀለሉትን ግንዶች የሺ ከምትተኛበት ክፍል አውጥታ ወደኛ አልጋ አስጠጋቻቸው። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 21

አሥራ አራት። አንዱ ተሰነጠቀ። አሥራ ሦስት። ዝናብ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 27

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ድርቤ ጋደም ብላ መተንፈስ ስላቃታት ግድግዳውን ተደግፋ ታንቀላፋለች። በየትንፋሿ መጨረሻ ላይ ፉጨት የመሰለ ነገር አለ። ተኝቼ እቆጥረዋለሁ።

ይህን ሥራ ለምን እንዲህ ሙጭጭ እንዳልኩበት ለራሴ ልናገር። ለእንጀራ ነው እላለሁ። ለእንጀራማ ከሆነ ሁለት ላም አለን፣ የጓሮው በቆሎም ደርሷል። አባቴ እንጨት ጠራቢ ነበሩ። የሚጠርቡትን ገበቴ ሁሉም ይፈልገዋል፤ እሳቸውን ግን ከማዕዱ አያስቀምጧቸውም፣ ከደጅ ነበር የሚሰጧቸው። አንድ ቀን በሰርግ ቤት ራሳቸው በጠረቡት ገበቴ ለሌላው ሲቀርብ እሳቸው ከውጭ ቆመው ሲያዩ አይቻለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር። አሁን አዲስ አበባ ላይ ትልልቅ ሰዎች ቆሪ ገልብጠው ሥሩ ላይ "ዋጋሪ" የሚል ያነባሉ። ይህን ፈልጌያለሁ። በጣም ፈልጌያለሁ።

እና ድርቤ? ነገ ለተረፈ እነግረዋለሁ። ነገ ዓርብ ነው፤ ሥራ ይበዛበታል። ሰኞ።

ረቡዕ፣ ጳጉሜ 3

ሰኞም አልሄድኩም፤ እሱ መጣ። የሺን ሊያይ ብሎ ሳያንኳኳ በሩን ከፈተ። ድርቤ መዘውሩ ጋ ነበረች። ሽፋሽፍቷ፣ ቅንድቧ፣ ነጠላዋ ዱቄት ለብሷል። ተረፈ እሷን አየ፣ በጆንያ የተጠቀለሉትን ግንዶች አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

"ኦቦ ዋጋሪ፣ የቤት ሥራ ብለውኝ ነበር" አለኝ። አልጮኸም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

የሻጋታ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ እንደሚቀመጥ፣ ዛሬውኑ ካላቆመች ትንፋሿ እንደማይመለስ ነገረን። ከወጣ በኋላ መሮውን አስቀመጥኩ። መስኮቱ ላይ አሥራ ሰባት ቆሪ ተደርድሯል። አየኋቸው። ድርቤም ሳያቸው አየችኝና "ሦስት አይደል የቀረው? እንጨርሰው" አለች።

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። አፌ ተከፍቶ ነበር። እሷ መዘውሩን ማዞር ጀመረች።

ቅዳሜ፣ መስከረም 1 ቀን 1958

አዲስ ዓመት። አሥራ ስምንት። ድርቤ ለእንግዳ ስትነሳ ስትቀመጥ ደከማት።

ማክሰኞ፣ መስከረም 4

አሥራ ዘጠኝ። ገብረኪዳን አይቶ "ኦቦ ዋጋሪ፣ እነዚህ ሰዎች ያብዳሉ" አለ። ዓርብ ሃያኛውን እንጨርሳለን። ከቆላው ግንድ አንድ ቁራጭ ቀርቶኛል፤ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው። አልጋችን አጠገብ ነው።

ዓርብ፣ መስከረም 7

ቆሪ አልሠራንም። ሌሊቱን የሺን ምጥ ያዛት። ተረፈ አዋላጅ ይዞ ደረሰ። ጎህ ሲቀድ ተወለደች። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።

ድርቤ ነጠላዋን አስተካክላ ደጅ ወጣች። እኔም ከኋላዋ ወጣሁ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። በየአጥሩ ሴቶች ቆመው ይጠብቃሉ። የመጀመሪያውን እልልታ አለች። ቀጭን ነበር፤ የሷ አይመስልም። ሁለተኛውን ጀመረች፤ መሐሉ ላይ ተቆረጠ፤ እንደምንም ጨረሰችው። ከዚያ መቃኑን ይዛ ጎንበስ አለች። አፏ ይከፈታል፣ ድምፅ የለም። ሰፈሩ ሁሉ ዝም ብሎ ሦስተኛውን ይጠብቃል። ሌላ ሴት አትቀጥልላትም፤ የእናት ድርሻ ነው። እኔም እንደነሱ ቆሜ ጠበቅሁ። እንደማይመጣ እያወቅሁ ጠበቅሁ።

ከአጥሩ ማዶ አንዷ "ሁለት? ሁለት ምንድን ነው?" ስትል ሰማሁ።

"ሞቶ ይሆናል" አለች ሌላዋ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 8

በማለዳ አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን ለለቅሶ አዘቅዝቃ በራችን ላይ ቆመች። ሕፃኗ ከውስጥ ስታለቅስ ሰምታ ደነገጠች። ድርቤ ያን ነጠላ አየችው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ። በዙሪያችን አሥራ አንድ ቤት አለ። በመጀመሪያው ቤት "ሴት ናት፣ ደህና ናት፤ ድርቤን ብርድ ይዟት ነው" አልኩ። በሁለተኛውም እንዲያው አልኩ። በሦስተኛው ቤት ሴትዮዋ ከንፈሯን መጥጣ "አዬ፣ የወጥ ቤት ጭስ ነው አሉ፤ ድሬሰሩ ተናግሯል አሉ" አለችኝ። የገዛ ውሸቴ ሰፈሩን ዞሮ መልሶ እኔን አጽናናኝ። መድረኩ ላይ ቁጭ ብዬ "ጭስ አይደለም" አልኳት። "የእንጨቴ አቧራ ነው። ከሰኔ ጀምሮ አውቄያለሁ።"

ከሰኔ ጀምሮ። ሳልጽፈው የኖርኩት ይሄን ነው።

ወደ ሁለቱ ቤቶች ተመለስኩና እንደ አዲስ ነገርኳቸው። ከዚያ ሌሎቹን ዞርኩ። አንዳንዱ ያዝንልኛል፣ አንዳንዱ መሬት መሬት ያያል። አንዱ ሽማግሌ ሳልጨርስ በሩን ዘጋው።

አሰፋች የመጨረሻዋ ነበረች። አጥሯ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

"ሁለት ነው የሰማሁት" አለች።

"አራት ነው" አልኳት። "ሁለቱን የወሰድኩባት እኔ ነኝ። ነግረሽኝ ነበር።"

ተሳደቢ ብዬ ቆምኩ። "አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም" አለችና ቅቤ በቅል ይዛ ቀድማኝ ወደ ቤታችን ገባች። ለየሺ ገንፎ አገነፋች። መስኮቱ ላይ ካሉት ቆሪዎች አንዱን እንኳ አልነካችም፤ ከቤቷ በሸክላ ሳህን አመጣች።

ገብረኪዳን ሲመጣ አሥራ ዘጠኙን ይውሰድ። ሃያኛው የለም። ስም ካስፈለገው ይጻፍበት፤ እኔ ገልብጬ አላየውም። ተረፈ ከትንፋሿ የተወሰነው ይመለሳል ብሎናል። የተወሰነው ምን ያህል እንደሆነ ጠየቅሁት፤ አላወቀውም።

ሲመሽ ድርቤ ሕፃኗን ታቅፋ ግድግዳውን እንደተደገፈች "ምን አሏቸው?" አለችኝ።

"ሴት ናት አልኳቸው።"

"ሌላስ?"

"ሌላውንም አልኳቸው። አሥራ አንዱንም ቤት።"

ከዚያ አልጋው አጠገብ ወዳለው ግንድ በአገጯ አመለከተችኝ። "ይሄንንስ መቼ ነው የሚያወጡት?"

አሁን አልኳት። ከባድ ነበር፣ እግሬም አልታዘዝ አለኝ፤ እየገፋሁ እያረፍኩ በሩ ጋ አደረስኩት። ውጭ እንደገና ይዘንባል። ገፍቼ አወጣሁት፤ በሩንም ሳልዘጋው ተውኩት።